ነጻ ሚሞሪ እያለ «ሚሞሪ የለም» ስለሚል ሰርቨር፦ የከርነሉን የምደባ ጣሪያ እንዴት እንወስን?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ ሥራውን በሙሉ የሚያካሂደው በአንድ ሰርቨር ነው። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ራምና 2 ጊጋባይት ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) አለው፤ ሊኑክስ ተጭኖበት ፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝና በጃቫ የተጻፈ የሂሳብ ሶፍትዌር አብረው ይሠሩበታል። የኅዳር ወር ሂሳብ ሲዘጋ፣ የወለድ ስሌቱ በመካሄድ ላይ ሳለ ዳታቤዙ በድንገት ተቋረጠ። የተጠራው ባለሙያ «ቪኤም.ኦቨርኮሚት_ሚሞሪ» የሚባለውን የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው፣ ሚሞሪን ለፕሮግራሞች የሚያድለው ክፍል) ቅንብር 2 አድርጎት ሄደ። ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ መውደቁን ቢያቆምም፣ በፓይተን የተጻፈው የወር ሪፖርት በተነሳ ቁጥር «ካኖት አሎኬት ሚሞሪ» እያለ ይቆም ጀመር፤ «ፍሪ» የሚለው ትእዛዝ ግን በዚያው ሰዓት 8.9 ጊጋባይት ለሥራ ዝግጁ የሆነ ሚሞሪ መኖሩን ያሳያል። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱም አልቆ ማሽኑ ጠፋ። ተመልሶ ሲበራ ሪፖርቱ ለሙከራ ያለ ችግር ወጣ፤ ታኅሣሥ 30 ቀን ግን ዳታቤዙ እንደገና ተቋረጠ። ጠያቂው የሚሉት፦ ራሙ ተበላሽቷል ወይ? ሌላ 16 ጊጋባይት እንግዛ ወይ? ካልሆነስ መቀመጥ ያለበት ቁጥር ስንት ነው?

በእኔ አስተያየት ራምዎ ደህና ነው፤ የሚገዛም ነገር የለም። የተበላሸ ራም የወር መጨረሻ ጠብቆ አይታመምም። እርስዎ እንደ አንድ ብልሽት የቆጠሩት ነገር ሁለት ተቃራኒ ብልሽቶች ናቸው፤ አንዱ ከርነሉ ያለ ልክ ሲፈቅድ የሚመጣ ነው፣ ሌላው ያለ ልክ ሲከለክል የሚመጣ ነው። ሁለቱን ያቀላቀለብዎ መብራቱ ነው። ባለሙያው ቅንብሩን የለወጠው በትእዛዝ ብቻ ይመስላል፤ በትእዛዝ የተለወጠ የከርነል ቅንብር ደግሞ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቅንብሩ ወደ ነበረበት 0 ተመለሰ፣ ክልከላው ተነሳ፣ ሪፖርቱ ሠራ፤ የኅዳሩ አደጋም ከነመንገዱ ተከፍቶ የታኅሣሥን መጨረሻ ጠበቀ።

ነገሩን ለመረዳት እርስዎ በየቀኑ በሚሠሩበት ሥራ ላስረዳ። በማኅበራችሁ የብድር ኮሚቴው ለአንድ አባል 200 ሺህ ብር በፈቀደ ዕለት ብሩ ከካዝና አልወጣም፤ መዝገብ ላይ ነው የሰፈረው። አባሉ ዛሬ 50 ሺህ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ 50 ሺህ ሊወስድ ይችላል፤ ቀሪውን ጨርሶ ላይወስደውም ይችላል። የተፈቀደ ብድርና የወጣ ብድር ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ናቸው። ከርነሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው። አንድ ፕሮግራም 4 ጊጋባይት ሲጠይቅ ከርነሉ መዝገቡ ላይ ያሰፍርለትና አድራሻ ይሰጠዋል እንጂ ከራሙ ላይ ምንም አይቆርስለትም። እውነተኛው ራም የሚሰጠው ፕሮግራሙ በዚያ አድራሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፍ፣ በገጽ በገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ 4 ኪሎባይት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከሚጠቀሙት በላይ ስለሚጠይቁ፣ ከርነሉ ካለው በላይ መፍቀዱ በአብዛኛው ጊዜ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ባይፈቅድ ኖሮ ብዙ ራም ተፈቅዶ ሳይነካ ይውል ነበር።

ኦቨርኮሚት_ሚሞሪ የሚባለው ቅንብር የብድር ኮሚቴው ጠባይ ነው። ዋጋው 0 ሲሆን፣ ይህም ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው ነው፣ ከርነሉ የሚከለክለው ግልጽ የሆነውን ከልክ ያለፈ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በዘመኑ ከርነሎች ይህ ማለት አንዱ ጥያቄ ለብቻው ከማሽኑ ራምና ስዋፕ ድምር ሲበልጥ ነው። የቀድሞዎቹ ጥያቄዎች ተደምረው ስንት እንደደረሱ አያይም። ዋጋው 1 ሲሆን ለማንም ምንም አይከለክልም። ዋጋው 2 ሲሆን ግን የተፈቀደው ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ጣሪያ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ጣሪያው የሚሰላው ከራሙ ላይ «ኦቨርኮሚት_ሬሽዮ» የተባለውን መቶኛ በመውሰድና ስዋፑን በሙሉ በመደመር ነው፤ ሂዩጅ ፔጅ ተብለው አስቀድመው የተያዙ ገጾች ካሉ ከራሙ ላይ መጀመሪያ ይቀነሳሉ። መቶኛው ካልተነካ 50 ነው።

እንግዲህ የእርስዎን ቁጥሮች እናስላ። ከ16 ጊጋባይቱ ውስጥ ከርነሉ የሚያየው 15.5 ነው። ግማሹ 7.75 ይሆናል፤ 2 ጊጋባይት ስዋፕ ሲደመር 9.75 ነው። «/ፕሮክ/ሜምኢንፎ» ከሚባለው ፋይል ገልብጠው ካቀረቡልን ውስጥ «ኮሚትሊሚት» የሚለው መስመር ያሳየው ይኸንኑ ነው፤ ከሥሩ ያለው «ኮሚትድ_ኤኤስ» ደግሞ 9.6 ጊጋባይት ይላል። ሁለቱ መስመሮች መልሱን ይዘውታል፦ ጣሪያው 9.75፣ የተፈቀደው 9.6፣ ቀሪው 150 ሜጋባይት ገደማ። የወር ሪፖርቱ ሲነሳ 1.2 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ 150 ሜጋባይት ብቻ የቀረው ኮሚቴ እምቢ ይለዋል። «ፍሪ» ያሳየው 8.9 ጊጋባይት ውሸት አይደለም፤ ካዝና ውስጥ ያለው ብር ነው። ነገር ግን ያ ብር ባለቤት አለው፤ 4 ጊጋባይቱ ለጃቫው፣ ሌላ 4 ጊጋባይት ለዳታቤዙ የጋራ ቋት (የዳታቤዙ ክፍሎች ሁሉ ለሚጋሩት ሚሞሪ) አስቀድሞ ተፈቅዷል፤ ገና ተጽፎበት አላለቀም እንጂ። ስለዚህ የምደባ ጣሪያ ነገር ሲነሳ «ፍሪ»ን ማየት የብድር መዝገቡን ትቶ የካዝናውን ብር ብቻ መቁጠር ነው። (የቅንብሮቹን ስም እዚህ የጻፍኩት በአነባበባቸው ነው፤ ማሽኑ ላይ ሲተይቧቸው በላቲን ፊደል መሆኑን አይርሱ።)

50 የሚለው መቶኛ ስዋፑ ከራሙ እኩል ወይም እጥፍ ለሚሆንበት ማሽን የሚመች ነው። 16 ጊጋባይት ራም ላይ 2 ጊጋባይት ስዋፕ ብቻ ላለው ማሽን ግን አንገት ያንቃል። ባለሙያው ቅንብሩን 2 ማድረጉ ተገቢ ነበር፤ መቶኛውንና ስዋፑን ሳይነካ መሄዱ ነው ስህተቱ።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 30 ልሂድ፤ ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ነውና። ቅንብሩ 0 ስለነበር ከርነሉ ሁሉንም ፈቀደ። የወር ሪፖርታችሁ 1.2 ጊጋባይት መረጃ ከጫነ በኋላ ራሱን በ«ፎርክ» አራት ቦታ ያባዛል ብለዋል። ፎርክ ሲደረግ ልጅየው ፕሮሰስ (ፕሮሰስ ማለት በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው) የእናቱን ገጾች ይጋራል እንጂ ወዲያው አይገለበጥም፤ አንዱ በገጹ ላይ ሲጽፍ ያ ገጽ ብቻ ይገለበጣል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፓይተን አንድን ዕቃ ለማንበብ ብቻ ሲነካው እንኳ ዕቃው ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር ይለውጣል፣ መለወጥ ደግሞ መጻፍ ነው። ስለዚህ «እያነበብን ነው» የሚሉት አራቱ ልጆች ቀስ በቀስ እያንዳንዳቸው ወደ 1.2 ጊጋባይት ይጠጋሉ። ከእናትየው ጋር 6 ጊጋባይት ሆነ። የነበረው 9.6 ሲደመር 15.6 ነው። በዚህ ላይ የዳታቤዙን «ወርክ_ሜም» 256 ሜጋባይት አድርገነዋል ብለዋል። ይህ ቁጥር ለአንድ ተጠቃሚ ወይም ለአንድ መጠይቅ የሚሰጥ አይደለም፤ በመጠይቁ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመደርደርና የማዛመድ ሥራ ነው። የወለድ ስሌቱና አብረውት የተከፈቱት መስኮቶች ስምንት እንዲህ ያሉ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ቢኖሯቸው 2 ጊጋባይት ሄደ። ድምሩ 17.6 ይሆናል፤ የማሽኑ ራምና ስዋፕ ድምር 17.5 ነው። የተፈቀደው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲጠየቅ ካዝናው ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ከርነሉ በዚህ ጊዜ «እምቢ» የማለት ዕድሉ አልፎበታል፤ ፈቅዷልና። የቀረው አንዱን ፕሮሰስ መግደል ብቻ ነው፤ ይህን የሚሠራው ክፍል ኦኦኤም ኪለር ይባላል። የሚመርጠው በዋናነት ከሁሉ ይበልጥ ራም የያዘውን ነው። የወለድ ስሌቱን የሚሠራው የፖስትግሬስኪውኤል ፕሮሰስ ደግሞ 4 ጊጋባይቱን የጋራ ቋት ዳር እስከ ዳር ስለነካው፣ ያ ሁሉ በእሱ ስም ይቆጠርበታል፤ የራሱ የመደርደሪያ ቦታ ሲታከልበት ከጃቫውም በልጦ ሊታይ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ እሱ ሲገደል የጋራ ቋቱ አይለቀቅም። ከዳታቤዙ ፕሮሰሶች አንዱ በዚህ መንገድ ሲገደል ደግሞ ዋናው ፕሮሰስ የጋራ ቋቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ የቀሩትን ግንኙነቶች በሙሉ ያቋርጥና ወደ ማገገም ይገባል። በየመስኮቱ የተቀመጡት ሠራተኞቻችሁ ሁሉ በአንድ ጊዜ የወጡት ለዚህ ነው። ከከርነሉ መልእክቶች ውስጥ «አውት ኦፍ ሚሞሪ፡ ኪልድ ፕሮሰስ» የሚለውን መስመር በ«ጆርናልሲቲኤል» (የማሽኑን የመልእክት መዝገብ በሚያሳየው ትእዛዝ) ቢፈልጉ የዚያን ሌሊት ሰዓት ያገኙታል።

የእኔ አቋም ከዚህ ይነሳል። የገንዘብ መዝገብ በያዘ ማሽን ላይ በጊዜው የተነገረ እምቢታ ከዘገየ ግድያ ይሻላል። ፖስትግሬስኪውኤል ሚሞሪ ሲከለከል ያን አንድ መጠይቅ በስህተት መልእክት መልሶ፣ ግብይቱን ሰርዞ፣ ሌሎቹን ሳይነካ ይቀጥላል፤ ሲገደል ግን የሚናገረው የለም። ስለዚህ ቅንብሩ 2 ይሁን፤ ጣሪያው ግን ተቆጥሮ ይቀመጥ።

ቆጠራው እንዲህ ነው። ኮሚትድ_ኤኤስ የሚባለው ቁጥር ቅንብሩ 0 ሳለም ይመዘገባል፤ ስለዚህ ምንም ሳይለውጡ በየደቂቃው ወደ አንድ ፋይል እየጻፉ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ ያሳልፉና ከፍተኛውን ይያዙ። ቅንብሩ 2 ሲሆን ግን «ቦታ አትያዙልኝ» ብለው የሚጠይቁ አንዳንድ ምደባዎችም መቆጠር ስለሚጀምሩ ቁጥሩ ትንሽ ይጨምራል፤ ትርፍ ይተዉለት። እኔ በሰጡኝ ቁጥሮች ላይ ተነስቼ የምመክረው መቶኛውን 80 ማድረግ፣ ስዋፑንም ሌላ የ2 ጊጋባይት ፋይል ጨምሮ 4 ማድረስ ነው። 15.5 በ80 መቶኛ 12.4 ነው፤ 4 ሲደመር ጣሪያው 16.4 ይሆናል። ራምና ስዋፕ ተደምሮ 19.5 ስለሚሆን፣ ከጣሪያው በላይ 3.1 ጊጋባይት ይተርፋል። ይህ ትርፍ ለከርነሉ ለራሱ ነው፤ እሱ ለራሱ የሚይዛቸው ሰንጠረዦችና የፋይል ቋቱ በኮሚትድ_ኤኤስ ውስጥ አይቆጠሩምና መቶኛውን ወደ 100 ለመግፋት አይቸኩሉ።

ጣሪያው 16.4 ሲሆን የታኅሣሥ 30 ዓይነት 17.6 አሁንም አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። መቀነስ ያለበት ጥያቄው ነው። ሪፖርቱ በአራት ፈንታ በሁለት ልጅ ይሂድ፤ 9.6 ላይ 3.6 ሲደመር 13.2 ነው። ከዚህም የተሻለው ፕሮግራመራችሁ መጀመሪያ ፎርክ አድርጎ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የድርሻውን መረጃ ብቻ እንዲጭን ማድረግ ነው። ወርክ_ሜም በአጠቃላይ ቅንብሩ ወደ 32 ሜጋባይት ይውረድ፤ የወለድ ስሌቱ የሚሠራበት ግንኙነት ብቻ ለራሱ ከፍ ያድርገው። የጃቫው መነሻና መጨረሻ ሂፕ (ጃቫ ለሥራው የሚይዘው ሚሞሪ) ሁለቱም 4 ጊጋባይት መሆናቸውን አይንኩ፤ ይህን ያደረገው ሰው አስቦበታል። ጃቫ በሥራ መሃል ሂፑን ለማሳደግ ጠይቆ ቢከለከል ሊወድቅ ይችላል፤ ሁሉንም በመነሻው ከጠየቀ ግን ክልከላው ቢመጣ እንኳ ጠዋት ሲነሳ፣ ሰው ባለበት ነው የሚመጣው።

ሪፖርቱን ደግሞ ለብቻው አጥር ማበጀት ይገባል። በሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስነሳውና በሚቆጣጠረው ፕሮግራም) ሥር አገልግሎት ሆኖ እንዲነሳ ያድርጉና «ሚሞሪማክስ» የሚለውን 4 ጊጋባይት ያድርጉለት። ይህ ከላይ ካለው መዝገብ የተለየ ጣሪያ ነው፤ የሚቆጥረው የተፈቀደውን ሳይሆን በእርግጥ የተያዘውን ነው፣ የሚገደበውም ማሽኑ ሁሉ ሳይሆን ያ አገልግሎት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ከዚያ ቢያልፍ የሚሞተው ራሱ ነው፤ ዳታቤዙ አይነካም። ለዳታቤዙ ዋና ፕሮሰስ ደግሞ «ኦኦኤምስኮርአድጀስት» የሚለውን ከዜሮ በታች 900 ማድረግ ኦኦኤም ኪለር ወደ እሱ የመዞር ዕድሉን እጅግ ይቀንሰዋል። በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች አስቀድሞ ተደርጎ ስለሚመጣ መጀመሪያ ያለውን ይመልከቱ።

ቅንብሩን ከመለወጥዎ በፊት ግን አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ገላን ውስጥ በአንድ መጋዘን የነበረ፣ ስዋፕ ጨርሶ ያልተሠራለት ማሽን ላይ ከቤቴ ሆኜ ቅንብሩን 2 አደረግሁት። ስዋፕ ስለሌለ ጣሪያው የራሙ ግማሽ ብቻ ነበር፤ የተፈቀደው ደግሞ አስቀድሞ ከዚያ አልፎ ነበር። ከርነሉ የተፈቀደውን መልሶ አይነጥቅም፤ አዲስ ጥያቄ ብቻ ይከለክላል። ግንኙነቴ ተቋርጦ እንደገና ልገባ ብል አልቻልኩም፤ አዲስ መግቢያ አዲስ ፕሮሰስ ይጠይቃልና። ሄድኩ። ማሽኑ ያለበት ጠባብ ክፍል ገብቼ ስክሪኑን ስከፍት፣ እንደ ዕድል የሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የትእዛዝ መስኮት ክፍት ሆኖ ተትቷል፤ «ኤልኤስ» ብዬ ብጽፍ «ፎርክ፡ ካኖት አሎኬት ሚሞሪ» አለኝ። «ፍሪ» ብዬ ጻፍኩ፣ ያው ነው። «ሪቡት» እንኳ አልተፈቀደም። ያዳነኝ «ኤኮ» ነበር፤ ኤኮ በባሽ (ትእዛዞቻችንን በሚቀበለው ፕሮግራም) በራሱ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ስለሆነ አዲስ ፕሮሰስ አይጠይቅም። 0ን በኤኮ ወደ «/ፕሮክ/ሲስ/ቪኤም/ኦቨርኮሚት_ሚሞሪ» ስጽፍ ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ተመለሰ። ስለዚህ እርስዎ ስዋፑንና መቶኛውን አስቀድመው፣ 2 የሚለውን በመጨረሻ ያድርጉ፤ ሲያደርጉም ማሽኑ አጠገብ ሆነው አንድ የሩት መስኮት ክፍት ይተዉ።

የሠራ መሆኑን ካዩ በኋላ ሁለቱን ቅንብሮች (ኦቨርኮሚት_ሚሞሪ 2ና ኦቨርኮሚት_ሬሽዮ 80) «/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ውስጥ በ99 በሚጀምር ስም ፋይል ከፍተው ይጻፏቸው፤ ፋይሎቹ በስም ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ የኋለኛው ያሸንፋል። አዲሱን የስዋፕ ፋይልም «ኤፍኤስታብ» (ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው የዲስኮች ዝርዝር) ላይ ያስመዝግቡ። ይህን ከረሱ መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት ጣሪያው ሳይታወቅ ከ16.4 ወደ 14.4 ይወርዳል፤ አሁን የገጠመዎ ግራ መጋባት በሌላ መልኩ ይመለሳል። እንደ እኛ አካባቢ መብራት በሚመላለስበት ቦታ፣ አንድን ቅንብር ተጠናቀቀ የምለው ማሽኑን ሆን ብዬ አጥፍቼ ካበራሁትና ቁጥሮቹን እንደገና ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሌሎች የሰጧችሁን ምክሮች በተመለከተ፦ «ሚን_ፍሪ_ኪሎባይትስ» የሚለውን 2 ጊጋባይት አድርጉት የተባላችሁትን አትቀበሉ። እሱ ከርነሉ ለአስቸኳይ ጊዜ ለራሱ የሚይዘው መጠባበቂያ ነው፤ ከርነሉ ራሱ ያሰላዋል፣ አለልክ ሲጨመር ለፕሮግራሞች የሚቀረውን ራም ከመብላቱም በላይ ኦኦኤም ኪለርን ያለጊዜው ይጠራል። ኦቨርኮሚት_ሚሞሪን «1 አድርጉት» ያለው ሰው ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ የሚሠራበት ማሽን ለምዶ ይሆናል፤ ሬዲስ መረጃውን ዲስክ ላይ ሲያስቀምጥ ፎርክ ስለሚያደርግ 1 እንዲሆንለት ይመክራል። ይህ ቅንብር ግን ለማሽኑ በሙሉ አንድ ነውና ሬዲስ አንድ ቀን ቢያስፈልጋችሁ ከዚህ ዳታቤዝ ጋር በአንድ ማሽን አታስቀምጡት።

ራም መግዛቱንም አልቃወምም፤ ነገር ግን 32 ጊጋባይት ላይ መቶኛው 50 ሆኖ ቢቀር 16 ያህሉ አሁንም ከጣሪያ ውጭ ይሆናል፤ ቅንብሩ 0 ሆኖ ቢቀር ደግሞ ሪፖርቱ ስምንት ልጅ በተደረገ ቀን ያው ሌሊት ይመለሳል።

የበጀት ዓመታችሁ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በዚያ ቀን የወሩና የዓመቱ ሪፖርት አብረው ይወጣሉ። ከዚያ በፊት፣ ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ መርጠው፣ ሁለቱን ሪፖርቶችና የወለድ ስሌቱን በዳታቤዙ ቅጂ ላይ በአንድ ጊዜ ያስነሱና ኮሚትድ_ኤኤስ የት እንደሚደርስ ይመዝግቡ። ከ15 ጊጋባይት በታች ከቆየ ቅንብሩን እንዳለ ይተዉት፤ ካለፈ ግን መቶኛውን ከመንካትዎ በፊት የደረሰበትን ቁጥርና በዚያ ሰዓት የነበሩትን ፕሮሰሶች ይላኩልኝ፤ አብረን እናስላው።